አንድ ቁልፍ ለሦስት ከተማ

ጥያቄው፦ «ድርጅታችን ኮምቦልቻ ላይ መጋዘን፣ ደሴና ወልዲያ ላይ ደግሞ ሱቆች አሉት። የሽያጭና የዕቃ መረጃችንን በደመና ላይ ወደተከራየነው የካፍካ አገልግሎት (ፕሮግራሞች መረጃ የሚለዋወጡበት ሶፍትዌር) እንልካለን፤ የዋጋ ለውጡንም ከዚያው እናነባለን። ሦስቱም ቦታዎች የሚጠቀሙት አንድ የኤፒአይ ቁልፍና አንድ ምስጢር (ለፕሮግራሙ እንደ ተጠቃሚ ስምና ይለፍ ቃል የሚሆኑት) ነው። ኮምቦልቻ ያለ ችግር ይሠራል። ደሴ ሽያጩን ይልካል፤ ዋጋ ሊያነብ ሲል ግን ቡድኑን ለመጠቀም ፈቃድ የለህም ይለዋል። ወልዲያ ጭራሽ አልገባም፤ ማንነት በማረጋገጥ ላይ ሳለ ግንኙነቱ ተቋረጠ የሚል መልእክት ማውጣት ከጀመረ አራት ቀኑ ነው። ቁልፉ ተበላሽቶ ይሆን? ወይስ ይህን ሁሉ ትተን ወደ ኦአውዝ (በጊዜያዊ ማለፊያ ወደሚገባበት ዘዴ) እንሻገር? የወልዲያው ሱቅ ከሕንፃው ባለቤት ጋር በአንድ የኢንተርኔት መስመር ይጠቀማል። ሙሉ ቅንብሩንና የስህተት መልእክቱን ከታች አያይዣለሁ።»

ወንድሜ፣ ወደ ጥያቄህ ከመግባቴ በፊት አንድ አስቸኳይ ነገር አለ። ያያዝከው ቅንብር ቁልፉንም ምስጢሩንም እንዳለ ይዟል። እኔ ካለኝ ቅጂ ላይ አጥፍቼዋለሁ፤ ግን ከአንተ እጅ ወጥቶ እኔ ዘንድ እስኪደርስ ስንት ዓይን እንዳረፈበት አንተም እኔም ማወቅ አንችልም። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አንብበህ ሳትጨርስ አዲስ ቁልፍ አውጣ፤ ኮምቦልቻንና ደሴን በአዲሱ አስነሣ፤ ከዚያ አሮጌውን አጥፋ። ልወቅስህ አይደለም። ሰው ሥራ ሲቆምበት ያለውን ሁሉ ዘርግቶ ማሳየቱ ያለ ነው። ነገር ግን ያ ምስጢር ያለው ማንም ሰው የሱቆቻችሁን ሽያጭ ማንበብ ብቻ ሳይሆን ያልተሸጠውን ተሸጠ፣ ያልረከሰውን ረከሰ ብሎ መጻፍ ይችላል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ቁልፉ አልተበላሸም፤ ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ ኮምቦልቻም ባልሠራ ነበር። ያጋጠማችሁ አንድ ችግር ሳይሆን ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ ያደረሱህም ወደ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ነው። አንድ ፕሮግራም ወደ ካፍካ ሲሄድ የሚያልፈውን መንገድ ጉዳይ ይዞ ወደ መሥሪያ ቤት እንደሚሄድ ሰው አድርገህ አስበው። መጀመሪያ ግቢውን ማግኘትና ትክክለኛው ግቢ መሆኑን ማወቅ አለበት፤ ይህ ግንኙነቱን የሚያመሰጥረው የቲኤልኤስ ሥራ ነው። ቀጥሎ ዘቡ መታወቂያ ይጠይቀዋል፤ ይህ ማንነት ማረጋገጥ ነው። ከገባ በኋላ ደግሞ መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ «ይህን ጉዳይ ማስፈጸም ትችላለህ፣ ያንን ግን አትችልም» ትለዋለች፤ ይህ ፈቃድ ነው። ብዙ ሰው ሦስቱንም «መግባት እምቢ አለኝ» በሚል አንድ ቃል ይጠራቸዋል፤ ከዚያም መስኮቱ ላይ የተከለከለው ሰው መታወቂያ ሲያስቀይር ይውላል።

ቀለል ከሚለው ከደሴ ልጀምር። ደሴ ሽያጩን መላክ ከቻለ ግቢውንም ዘቡንም አልፏል ማለት ነው። የቆመው መስኮቱ ላይ ነው። በካፍካ መረጃ ለመጻፍ በቶፒኩ (መረጃው በየርዕሱ በሚቀመጥበት መዝገብ) ላይ የመጻፍ ፈቃድ ይበቃል። ለማንበብ ግን ሁለት ፈቃድ ያስፈልጋል፦ አንዱ ቶፒኩን የማንበብ፣ ሌላው ፕሮግራሙ የሚያነብበትን የቡድን ስም የመጠቀም። ካፍካ መረጃው እስከ የት እንደተነበበ የሚመዘግበው በዚህ በቡድን ስም ነው፤ ስለዚህ ስሙ ራሱ እንደ ንብረት ይጠበቃል። ይህን ሁለተኛውን ፈቃድ ብዙዎች ይረሱታል። ቅንብርህን ሳየው የኮምቦልቻው ቡድን ስም «መጋዘን» ብሎ ይጀምራል፤ የደሴው ግን «ሱቅ» ብሎ ነው። ፈቃዱ ሲሰጥ «መጋዘን» ብለው ለሚጀምሩ ቡድኖች ብቻ ተሰጥቶ መሆን አለበት። «ሱቅ» ለሚሉትም የማንበብ ፈቃድ ጨምር፤ የደሴ ጉዳይ እዚያ ላይ ያበቃል።

እዚህ ላይ የምፈራልህ አንድ አቋራጭ አለ። አንድ ሰው መጥቶ «ለምን ደሴም የመጋዘኑን የቡድን ስም አይጠቀምም? እሱ ፈቃድ አለው» ሊልህ ይችላል። አትስማው። በካፍካ በአንድ ቡድን ስም የሚያነቡ ፕሮግራሞች መረጃውን ይካፈሉታል እንጂ እያንዳንዳቸው ሙሉውን አያገኙትም። የዋጋ ቶፒኩ ክፍልፋዮች ለሁለት ይከፈሉና የስኳር ዋጋ ኮምቦልቻ ሲደርስ የዘይት ዋጋ ደሴ ይደርሳል። የስህተት መልእክት የሚባል ነገር አይወጣም፤ ሁሉም አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። የምታውቀው ከሳምንት በኋላ ደንበኛ በአሮጌ ዋጋ ሲከራከርህ ነው። ከዚህ ይልቅ ዛሬ «ፈቃድ የለህም» መባሉ በስንት ጣዕሙ። የኮከብ ምልክት አድርጎ ለሁሉም ቡድን ፈቃድ መስጠትም ያው የስንፍና መንገድ ስለሆነ ተወው።

ወልዲያ ከበድ ይላል። ያያዝከውን መልእክት በጥሞና አንብበው፤ ካፍካ ከሚያወጣቸው መልእክቶች ሁሉ ብዙ የሚናገረው እሱ ነው። ግንኙነቱ ማንነት በማረጋገጥ ላይ ሳለ እንደተቋረጠ ከነገረህ በኋላ ሦስት ምክንያቶች ይዘረዝርልሃል። አንደኛው፣ ብሮከሩ (መረጃውን የሚይዘው የካፍካ ሰርቨር) ከ1.0.0 ስሪት በፊት የነበረ ከሆነ የይለፍ ቃሉ ስህተት ሊሆን ይችላል ይላል። 1.0.0 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ የደመና አገልግሎት ከዚያ በፊት የነበረ ብሮከር አያሠራህምና ይህን ሰርዘው። ዘመናዊ ብሮከር የይለፍ ቃልህን ካልተቀበለው ዝም ብሎ አያቋርጥም፤ ማንነትህ አልተረጋገጠም ብሎ በግልጽ ይነግርሃል። ሦስተኛው፣ ጊዜያዊ የኔትወርክ መቋረጥ ነው ይላል። አራት ቀን ሙሉ የቆየ ነገር ጊዜያዊ አይባልም፤ ይህንንም ሰርዘው። የቀረው ሁለተኛው ነው፦ ፋየርዎሉ (በመስመሩ የሚያልፈውን የሚያጣራው) የድረ ገጽ ትራፊክ ብቻ እያሳለፈ የካፍካን እየከለከለ ሊሆን ይችላል። የወልዲያው ሱቅ ከሕንፃው ባለቤት ጋር በአንድ የኢንተርኔት መስመር እንደሚጠቀም ጽፈሃል፤ ጥርጣሬዬ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ማረጋገጫው ገንዘብ አይጠይቅም። የሱቁን ኮምፒውተር ከሕንፃው መስመር ነቅለህ በስልክህ የሞባይል ኢንተርኔት አገናኘውና ያንኑ ፕሮግራም አስነሣ። ከሠራ ጥፋቱ የፕሮግራምህም የቁልፍህም አይደለም፤ መስመሩን የሚያስተዳድረውን ሰው አግኝና የካፍካውን ፖርት (ግንኙነቱ የሚያልፍበትን በር ቁጥር) እንዲከፍት ጠይቀው። ስትጠይቀውም አንድ አድራሻ ብቻ አትስጠው። ፕሮግራምህ መጀመሪያ የሚደውልበት መነሻ አድራሻ የመግቢያ ስልክ ብቻ ነው፤ እዚያ ሲደርስ የእውነተኞቹን ብሮከሮች ዝርዝር ይሰጡትና ወደ እያንዳንዳቸው በተናጠል ይገናኛል። መነሻው ብቻ ተከፍቶ ሌሎቹ ከተዘጉ ችግሩ መልኩን ቀይሮ ይመለሳል። ይህን ከመልእክቱ ላይ መለየት ትችላለህ፦ የተቋረጠው ኖድ (ፕሮግራሙ ሊገናኘው የሞከረው ሰርቨር) ቁጥሩ ከዜሮ በታች ከሆነ፣ ለምሳሌ «ኔጌቲቭ 1» ከሆነ፣ ገና መነሻው ላይ ነህ። ዜሮ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ መነሻውን አልፈህ ብሮከሮቹ ላይ ቆመሃል። በላክልኝ ጽሑፍ ላይ ያለው ኔጌቲቭ 1 ነው።

በሞባይል ኢንተርኔትም እምቢ ካለ ወደ ቅንብሩ ተመለስና የሴኪዩሪቲ ፕሮቶኮሉን መስመር እይ። ሳስል ኤስኤስኤል (ማንነት ማረጋገጥ ከምስጠራ ጋር) ማለት አለበት። ሳስል ፕሌንቴክስት ካለ ፕሮግራሙ የሚናገረው ያለ ምስጠራ ነው፤ ብሮከሩ ግን የሚጠብቀው የተመሠጠረ ንግግር ስለሆነ ያቋርጠዋል፤ የሚወጣውም መልእክት ከፋየርዎሉ ጋር አንድ ዓይነት ነው። እዚህ ላይ ሰው የሚያስት አንድ ሌላ ነገር ላሳይህ። መስመሩ ጭራሽ ከተረሳ ካፍካ ምንም ምስጠራም ማረጋገጫም የሌለውን መንገድ ይይዛል። ያን ጊዜ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ስህተት ስለ ማንነት አንድ ቃል አይናገርም፤ «ሜሞሪ አለቀ» ይላል። ሰውም ሜሞሪ ሊገዛ ይሄዳል። የሆነው ግን እንዲህ ነው፦ ብሮከሩ በቲኤልኤስ ቋንቋ «አልገባኝም» ብሎ ሲመልስ፣ ፕሮግራሙ የመልሱን የመጀመሪያ አራት ባይት የመልእክት መጠን መስሎት ያነባቸዋል። የቲኤልኤስ 1.2 ማስጠንቀቂያ ሲጀምር ያሉት አራት ባይቶች እንደ ቁጥር ሲነበቡ 352518912 ይሆናሉ። ፕሮግራሙ ከ350 ሚሊዮን ባይት በላይ የሆነ መልእክት ሊመጣ ነው ብሎ ቦታ ሊያዘጋጅ ይነሣል፤ የካፍካ የትዕዛዝ መስመር መሣሪያዎች ደግሞ ሌላ ካልተነገራቸው የሚፈቀድላቸው 256 ሜጋባይት ስለሆነ ይወድቃሉ። ያን ቁጥር በማንኛውም መዝገብ ላይ ካየኸው ሌላ አትመርምር፤ ምስጠራ የረሳ ሰው አለ።

ከዚህ ጋር ቲኤልኤስን የሚመለከት አንድ ልመና አለኝ። አገልግሎቱ ማንነቱን የሚያሳይበት የምስክር ወረቀት ስህተት ሲያጋጥም «የአድራሻ ማመሳከሪያውን (ወረቀቱ ከአድራሻው ጋር መግጠሙን የሚያየውን ቅንብር) ባዶ አድርገው፣ ይሠራል» የሚል ምክር በየቦታው ታገኛለህ። እውነት ነው፣ ይሠራል። ግን ትክክለኛው ግቢ መሆኑን ሳታይ መታወቂያህን በር ላይ ለቆመ ለማንም እየሰጠህ ነው። እናንተ የምትጠቀሙት ፕሌን የተባለውን ዘዴ ነው፤ ቁልፉ እንደ ተጠቃሚ ስም፣ ምስጢሩ እንደ ይለፍ ቃል ሆኖ እንዳለ ይላካል። የሚጠብቀው በላዩ ያለው ቲኤልኤስ ብቻ ነው። ካፍካ ከ2.0 ስሪት ጀምሮ ያን ማመሳከሪያ በራሱ የሚያበራው ለዚህ ነው፤ አታጥፋው።

የተለያዩ መመሪያዎች ሲጣረሱብህም አትደናገጥ። ካፍካ ከሊንክዲን ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ2011 ለሁሉም ክፍት ሲሆን ማንነት የሚጠይቅ ዘብ አልነበረውም። ዘብ የቆመለት በ2015 በወጣው 0.9 ስሪት ነው። ፕሌን በ2016፣ ስክራም (ይለፍ ቃሉን ሳይልክ ማወቁን የሚያሳየው ዘዴ) በ2017፣ ኦአውዝ በ2018 ተከታትለው መጡ። የምታነበው መመሪያ ከእነዚህ ዓመታት በአንዱ የተጻፈ ከሆነ በዚያ ጊዜ ያልነበረውን ሊነግርህ አይችልም። ካፍካን ወይም መሰሉን በደመና የሚያከራዩት አቅራቢዎችም ይለያያሉ። ኮንፍሉየንት ክላውድ ቁልፍና ምስጢር በፕሌን ይቀበላል። የማይክሮሶፍት ኢቨንት ሀብስ በፕሌን ሲገባ የተጠቃሚው ስም ሁልጊዜ በዶላር ምልክት የሚጀምር አንድ የተወሰነ ቃል ነው፤ በሊነክስ የትዕዛዝ መስመር ላይ በድርብ ጥቅስ ውስጥ ከጻፍከው ቃሉ ይበላና ባዶ ስም ይላካል። የአማዞኑ ኤምኤስኬ ለእያንዳንዱ ዘዴ የየራሱ ፖርት አለው፦ ከውስጥ መረብ ለስክራም 9096፣ በአማዞን የራሱ መታወቂያ ለሚገባ 9098። ቁልፉን ይዘህ የሌላውን በር ብታንኳኳ አይከፈትም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄህ ልምጣ፦ ወደ ኦአውዝ እንሻገር ወይ?

ኦአውዝን ለማስረዳት ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ የተሻለ ምሳሌ የለኝም። ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ስትሄድ መሥሪያ ቤቱ አንተን በግል አያውቅህም። ቀበሌህ ግን ያውቅሃል፤ ስምህን፣ ጉዳይህን፣ ቀኑን ጽፎ ማኅተም ያሳርፍበታል። መሥሪያ ቤቱ የሚመረምረው ማኅተሙንና ቀኑን ነው። ቀኑ ካለፈ ደብዳቤው ወረቀት ነው። ኦአውዝም እንዲሁ ነው፦ ፕሮግራምህ መጀመሪያ ወደ ማንነት አገልግሎቱ ሄዶ አጭር ዕድሜ ያለው ቶክን ያወጣል፤ ካፍካ የቶክኑን ፊርማና ጊዜ አይቶ ያስገባዋል። ጥቅሙ ትልቅ ነው። ወደ ካፍካ የሚሄደው ምስጢርህ ሳይሆን ቶክኑ ነው፤ ቶክኑ ቢሰረቅም ከትንሽ ጊዜ በኋላ ይሞታል። ሠራተኛ ሲለቅም አንድ ቦታ ላይ ብቻ ታጠፋዋለህ።

ለእናንተ ግን ዛሬ አልመክረውም። ኦአውዝ ማለት አንድ ሳይሆን ሁለት ቦታ መድረስ ማለት ነው፦ ቀበሌውም መሥሪያ ቤቱም ክፍት መሆን አለባቸው። የወልዲያው መስመር ወደ አንዱ እንኳ መድረስ አቅቶት አራት ቀን ሆኖታል። የማንነት አገልግሎቱን ማን ያስተዳድረዋል የሚለው ጥያቄም አለ። ድርጅታችሁ እንደ ማይክሮሶፍት ኢንትራ ወይም ኪይክሎክ ያለ የማንነት አገልግሎት ቢኖረውና ሠራተኞቻችሁ በእሱ የሚገቡ ቢሆኑ ኖሮ ያለማመንታት ተሻገሩ እል ነበር። ለሦስት ቦታዎች ብሎ አዲስ መትከል ግን ሌላ የሚጠበቅ፣ ሌላ የሚበላሽ ነገር መጨመር ነው። በሁለቱም በኩል የምስክር ወረቀት የሚታይበትን ዘዴም ለሱቅ አልመክርም፤ የምስክር ወረቀት ቀኑ ያልፋል፣ ወልዲያ ድረስ ሄዶ የሚያድስ ሰው ደግሞ ያስፈልጋል። ስክራም ጥሩ ነው፤ ምስጢሩን ሳይናገር ማወቁን ያሳያል፤ አቅራቢያችሁ ግን የሚቀበለው ቁልፍና ምስጢር ከሆነ ያላችሁን አጥብቁ።

አንድ ቀን ወደ ኦአውዝ ስትሻገሩ ይህን አስታውስ፦ ሰዓት። እኛ አገር ሰዓት የምንቆጥረው በራሳችን አቆጣጠር ነው፤ ኮምፒውተር ላይም ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን 9፡00 የሚለውን ወደ 3፡00 የሚቀይር ሰው አለ። የሰዓት ክልሉ ሳይነካ ቁጥሩ ብቻ ሲቀየር ማሽኑ በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል ማለት ነው። በዓይን ትክክል ይመስላል። የካፍካው የጃቫ ፕሮግራም ግን የቶክኑ ዕድሜ 80 በመቶ ሲደርስ ሊያድስ የሚጠብቀው በዚያ ማሽን ሰዓት ነው፤ የአንድ ሰዓት ዕድሜ ያለው ቶክን ሞቶ ሳለ ገና ብዙ ጊዜ አለኝ ብሎ ይቀመጣል። የዚህ ዓይነት ችግር የገጠማቸው ሁለት ቢሮዎችን አግዣለሁ፤ በሁለቱም መጀመሪያ የተጠረጠረው የማንነት አገልግሎቱ ነበር። ከዚህ የባሰው ደግሞ የማሽኑ ትንሿ ባትሪ ሞታ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ሲመለስ ነው። ያን ጊዜ ኦአውዝ ባይኖርም የቲኤልኤሱ የምስክር ወረቀት «ገና አልጸናም» ተብሎ ይወድቃል። ማሽኖቹ ሰዓታቸውን ከኢንተርኔት እንዲያስተካክሉ አድርግ፤ ሰው በአገራችን አቆጣጠር ማየት ከፈለገ ግድግዳ ላይ ሰዓት ስቀልለት።

ኦአውዝን ካቆየነው ዛሬ የሚለወጠው ምንድን ነው? አንዱ ቁልፍ ለሦስት ከተማ መሆኑ። ከጥያቄህ ሁሉ ያሳሰበኝ እሱ ነው፤ ወልዲያ ነገ ቢገባ እንኳ ይህ ሳይስተካከል እንዳትቀመጥ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ደሴ ውስጥ አንድ ድርጅት ስሠራ አሥራ አንድ ፕሮግራሞች በአንድ ቁልፍ ይገቡ ነበር። ቁልፉን ያወጣው ልጅ ሥራ ለቀቀ፤ ኃላፊው በትክክለኛ አስተሳሰብ የእሱ ቁልፍ ይጥፋ አለ፤ ጠፋ። ሁለት ቀን ምንም አልሆነም። ሁላችንም ቁልፉ የማንም አልነበረም ብለን ተረጋጋን። በሦስተኛው ቀን ማታ መብራት ጠፍቶ፣ ባትሪውም አልቆ፣ ሰርቨሩ እንደገና ሲነሣ አሥራ አንዱም ፕሮግራሞች ውጭ ቀሩ። ያን ሌሊት ከጦሳ የሚወርደው ብርድ እየገረፈን እስከ ንጋት ስንፈልግ አደርን። ኔትወርኩን መረመርን፣ አቅራቢው ዘንድ ደወልን፤ ከሁለት ቀን በፊት የተደረገን ነገር ከዛሬ ማታ ብልሽት ጋር ያገናኘው ሰው አልነበረም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ካፍካ ማንነት የሚጠይቀው ግንኙነቱ ሲከፈት ነው። አንዴ የገባ ፕሮግራም ግንኙነቱ እስካልተቋረጠ ድረስ እንደገና አይጠየቅም፤ ከ2.2 ስሪት ጀምሮ በየተወሰነ ጊዜ ዳግም ማንነት የሚያስጠይቅ ገደብ መጥቷል፤ አገልግሎቱን የሚያስተዳድረው አካል ካላበራው ግን አይሠራም። ስለዚህ ቁልፍ ስትቀይር «አጠፋሁት፣ ሁሉም ይሠራል» የሚለው ማስረጃ አይሆንም። ፕሮግራሙን አጥፍተህ አስነሣውና በአዲሱ ቁልፍ መግባቱን በዓይንህ እይ። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ይህን ፈተና አንተ ካላደረግኸው መብራቱ ያደርግልሃል፤ ያውም ባልፈለግኸው ሰዓት።

ስለዚህ ለኮምቦልቻ፣ ለደሴና ለወልዲያ ሦስት የተለያዩ የአገልግሎት መለያዎች ክፈት። መለያው የፕሮግራሙ እንጂ የሰው አይሁን፤ በአንተ ስም ወይም በኃላፊው ስም የተከፈተ ቁልፍ ሱቅ ውስጥ አይቀመጥ። ለደሴ መለያ ሽያጭ ቶፒክ ላይ መጻፍ፣ ዋጋ ቶፒክ ላይ ማንበብ፣ የሱቅ ቡድኑን መጠቀም፤ ይበቃዋል። ዋጋ መጻፍ የሚችለው ኮምቦልቻ ብቻ ይሁን። እንዲህ ስታደርግ መዝገቡ ላይ ማን ምን እንደጻፈ በስሙ ታየዋለህ። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ከደሴና ከኮምቦልቻ ስንት ቢሮ ኮምፒውተሩን እንዳጣ አንተም ታውቃለህ። ኮምፒውተር ሲወሰድ በውስጡ ያለው ቁልፍ አብሮ ይወሰዳል። ለየብቻ ከሆነ የተወሰደውን አንዱን ካለህበት ሆነህ ታጠፋዋለህ፤ አንድ ከሆነ ግን ወይ ሌባውን ትተወዋለህ ወይ ሁሉንም ሱቅ ትዘጋለህ።

ቁልፍ መቀየሩም ያኔ አያስፈራም። ለአንድ መለያ ሁለተኛ ቁልፍ ታወጣለህ፣ ፕሮግራሙን በአዲሱ ታስነሣለህ፣ አሮጌው አንድ ሁለት ቀን ማንም ሳይጠቀምበት መቆየቱን ታያለህ፣ ከዚያ ታጠፋዋለህ። ኢቨንት ሀብስ ለአንድ ፖሊሲ ሁለት ቁልፍ የሚሰጠውም ለዚሁ ነው። ዛሬ የማስቸኩልህ ቁልፉ ስለተገለጠ ብቻ ነው።

ምስጢሩን የት ላስቀምጥ ብለህ አልጠየቅኸኝም፤ ሆኖም ፕሮግራሙ ውስጥ ተጽፎ አየሁት። ከዚያ አውጣው። ፕሮግራሙን የሚያስነሣው የተጠቃሚ መለያ ብቻ ሊያነበው በሚችል ፋይል ውስጥ አድርገው። በቴሌግራም አትላከው፤ ሠንጠረዥ ላይ አትመዝግበው። አቅራቢው ምስጢሩን አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚያሳይ ሰው እንዳይጠፋበት ፈርቶ አምስት ቦታ ያስቀምጠዋል። ቁልፍ ግን እንደ ርስት ሰነድ አይደለም፤ ቢጠፋ ሌላ ይወጣል። መጠባበቂያ ቅጂ አያስፈልገውም።

ስትገለብጠውም ተጠንቀቅ። አንድ ጊዜ አዲስ ሱቅ ስንከፍት ትክክለኛ ምስጢር ይዘን ማንነትህ አልተረጋገጠም እየተባልን ግማሽ ቀን ዋልን። ምስጢሩ 64 ፊደል ነበር። በመጨረሻ ፋይሉን በባይት ስቆጥረው 65 ሆነ፤ ፋይሉን የጻፍንበት የኤኮ ትዕዛዝ መጨረሻው ላይ የማይታይ አዲስ መስመር ጨምሮበት ነበር። በዓይን ብታየው መቶ ጊዜ ትክክል ነው። በጃቫ ከሆነ ደግሞ የመለያው መስመር መጨረሻ ላይ ከላይ ነጥብ ከታች ነጠላ ሰረዝ ያለው የእንግሊዝኛ ምልክት መኖር አለበት፤ እሱ ከጎደለ ፕሮግራሙ ወደ በሩ እንኳ ሳይደርስ ይወድቃል። በኮምቦልቻው ቅንብር ላይ አለ፤ በወልዲያው ላይ ደግሞ አየሁ፣ እሱም አለ።

አንድ የመጨረሻ ነገር ስለ ወልዲያ። መስመሩ እስኪስተካከል ሽያጩ እንዳይጠፋ ፕሮግራሙ መጀመሪያ በሱቁ ኮምፒውተር ላይ ይመዝግብ፤ ከዚያ ይላክ። የካፍካ ላኪ መልእክቱን በሜሞሪ ይዞ የሚጠብቀው፣ ካልተቀየረ በቀር፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ አልተላከም ብሎ ይጥለዋል። አራት ቀን የተሸጠው የት እንዳለ ዛሬውኑ ጠይቅ።

በስልክህ ኢንተርኔት ሞክረኸው ምን እንዳለህ ጻፍልኝ። መልእክቱን ከነኖድ ቁጥሩ ሙሉውን ላከው፤ የይለፍ ቃሉ ያለበትን መስመር ግን ከመላክህ በፊት ቆርጠህ አውጣው።